አጥንት የሚገነቡ ፔፕታይዶች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ አጥንትን ከመሳሳት ማዳን ብቻ ሳይሆን እንደገና ያሳድጋሉ ስለሚባሉት የፔፕታይድ መድኃኒቶች። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል። መልሶቹን ያዘጋጁት አንድ የሆርሞን ሐኪም፣ አንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪምና አንድ ፋርማሲስት ናቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቿ ተሰብረው ቁመቷ አጥሯል። አራት ዓመት ሙሉ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ የአጥንት እንክብል ስትወስድ ቆይታ አሁን ቴሪፓራታይድ የሚባል በየቀኑ የሚወጋ መድኃኒት ታዘዘላት። ፔፕታይድ ነው አሉን። ምን ማለት ነው? እንክብሉስ ምን ጎደለው?

ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሲረዝምና ሲተጣጠፍ ፕሮቲን ይባላል። አንገት ውስጥ፣ ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ያሉት አራት ትንንሽ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች የሚያመነጩት ሆርሞን 84 አሚኖ አሲዶች አሉት። ቴሪፓራታይድ ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ 34ቱ ናቸው። አጥንት ላይ ሥራውን የሚሠራው ይህ የፊተኛው ጫፍ ስለሆነ የቀሩት 50ዎቹ መኖራቸው ግድ አይልም። በአፍ የማይሰጠውም በዚሁ በፔፕታይድነቱ ነው፤ ጨጓራና አንጀት እንደ ማንኛውም ምግብ ቆራርጠው ይፈጩታል።

አጥንት እየፈረሰ እየተገነባ የሚኖር አካል ነው። ኦስቲዮክላስት የሚባሉ ሴሎች ያረጀውን ይቦረቡራሉ፣ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት ደግሞ ቦታውን በአዲስ ይሞላሉ። እናትዎ ይወስዱት የነበረው ዓይነት እንክብል፣ ለምሳሌ አሌንድሮኔት፣ አፍራሾቹን ያስታግሳል። ያለው እንዳይሄድ ይይዛል እንጂ የጎደለውን አይሞላም። ቴሪፓራታይድ ግን በቀጥታ ገንቢዎቹን ነው የሚቀሰቅሰው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ጥናት 1,637 ያረጡና ቀድሞ የአከርካሪ ስብራት የደረሰባቸው ሴቶች ተሳትፈዋል። ባዶ መርፌ (ለማወዳደሪያ የሚሰጥ፣ መድኃኒት የሌለው ፈሳሽ) ከተሰጣቸው 100 ሴቶች 14ቱ አዲስ የአከርካሪ ስብራት ሲገጥማቸው፣ በቀን 20 ማይክሮግራም ቴሪፓራታይድ ከወሰዱት ግን 5ቱ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ መድኃኒቱን ራይዝድሮኔት ከሚባለው እንክብል ጋር ፊት ለፊት አወዳድሮ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ የአከርካሪ ስብራት በእንክብሉ 12 በመቶ፣ በቴሪፓራታይድ 5.4 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። በዚህ ጥናት ከተሳተፉት አብዛኞቹ እንደ እናትዎ ቀድመው ሌላ የአጥንት መድኃኒት የወሰዱ ነበሩ።

ይሁን እንጂ «እንክብሉ አልሠራም» ከማለት በፊት መጣራት ያለበት ነገር አለ። በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነበር የሚወስዱት? ከዚያ በኋላ ለ30 ደቂቃ ሳይተኙና ምንም ሳይቀምሱ ቆይተዋል? ከወተት ወይም ከካልሲየም ጋር የተዋጠ አሌንድሮኔት ወደ ደም አይገባም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። ይህን ሳያስተካክሉ ገንቢ መድኃኒት መጀመር ሲሚንቶ ሳይመጣ ግንበኛ እንደ መቅጠር ነው።

ጥያቄ፦ ፓራታይሮይድ ሆርሞን የበዛበት ሰው አጥንቱ ይሳሳል ሲባል ሰምቻለሁ። አጥንት የሚበላው ሆርሞን እንዴት ተመልሶ አጥንት ይገነባል?

ከመጠኑ ይልቅ ቁም ነገሩ በደም ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ቴሪፓራታይድ ከቆዳ ሥር ሲወጋ ደም ውስጥ ያለው መጠን በ30 ደቂቃ ገደማ ጣሪያ ይነካል፣ በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ በግማሽ ይወርዳል፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ደግሞ ሊለካ ከማይችልበት ደረጃ ይደርሳል። አንኳኩቶ እንደሚሄድ ሰው ነው። በዚያች አጭር ጊዜ አጥንቱን ሸፍነው ተኝተው የነበሩ ሴሎች ነቅተው ወደ ግንባታ ይገባሉ፣ በሥራ ላይ ያሉት ገንቢዎች ዕድሜያቸው ይረዝማል፣ የግንባታ ፍሬን የሆነው ስክለሮስቲን የሚባለው ፕሮቲንም ይቀንሳል። ሆርሞኑ ቀን ከሌሊት ሳይቋረጥ ሲፈስ ግን እነዚያው ገንቢ ሴሎች ራንክል የተባለውን መልእክት በብዛት እያወጡ አፍራሾችን ይጠራሉ። በዕጢው በሽታ የሚሳሳው አጥንት ታሪኩ ይህ ነው። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ባወር፣ ኦብና ኦልብራይት የተባሉ ተመራማሪዎች የዕጢው ጭማቂ የተሰጣቸው አይጦች አጥንት እንደጨመሩ የዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። መድኃኒት ሆኖ እስኪፈቀድ እስከ 2002 ተጠብቋል።

ከዚህ የሚከተል ተግባራዊ ነገር አለ። ትናንት የተዘለለን መርፌ ለማካካስ ዛሬ ሁለት መውጋት ጥቅም የለውም። ከላይ ባነሳነው የ2001 ጥናት 40 ማይክሮግራም የተሰጣቸው ሴቶች የጎንዮሽ ጉዳት በዛባቸው እንጂ ከስብራት የተጠበቁት ከ20ው ብዙም ሳይለይ ነው።

መድኃኒቱ መሥራቱን ለማወቅ የአጥንት ጥግግት ምርመራ (ዴክሳ) እስኪደርስ ዓመት መጠበቅም አያስፈልግም። ፒ1ኤንፒ የሚባል የደም ምርመራ ገንቢ ሴሎቹ ኮላጅን ሲሠሩ የሚጥሉትን ቁራጭ ይለካል። ከመጀመርያው መርፌ በፊት አንዴ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ሌላ ጊዜ ይለካል። ከ10 ማይክሮግራም በሊትር በላይ ከጨመረ ግንባታው ተጀምሯል። ካልጨመረ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የሰውየው አጥንት አይደለም፣ መርፌው ነው፦ የተዘጋ ጫፍ፣ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ የሠራ ፔን (መድኃኒቱ ተሞልቶ የሚመጣበት፣ እንደ ብዕር ያለ መውጊያ)፣ ወይም የተዘለሉ ቀናት።

ጥያቄ፦ ፔኑን ራሴ እንድወጋ ሰጡኝ፤ የተሰጠኝ ማብራሪያ ግን የሁለት ደቂቃ ነው። በዝርዝር ብታስረዱኝ? ደግሞ በ28ኛው ቀን ፈሳሽ እያለው ጣሉት ተብያለሁ፤ ለምን?

ከኋለኛው እንጀምር፣ ብዙ ሰው የሚያናድደው እሱ ነውና። በተለመደው ፔን ውስጥ ያለው ፈሳሽ በአንድ ሚሊ ሊትር 250 ማይክሮግራም የያዘ ነው። የአንድ ቀን ድርሻዎ፣ 20 ማይክሮግራም፣ 0.08 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሆናል፤ ከሁለት የውሃ ጠብታ ያንሳል። 2.4 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ፔን በጠቅላላው 600 ማይክሮግራም አለው፣ የ28 ቀን ድርሻ ደግሞ 560 ነው። ትርፉ ከመጀመሪያውም ታስቦ የተጨመረ ነው። ከ28ኛው ቀን በኋላ ፔፕታይዱ እንደ ጥንቱ ስለመሆኑም፣ ፈሳሹ ከጀርም ነፃ ስለመሆኑም ዋስትና የለም። የጀመሩበትን ቀን ፔኑ ላይ ይጻፉበት።

ፔኑ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ፍሪጅ ይቀመጣል። በረዶ ቤቱ አጠገብም ሆነ የኋላውን ግድግዳ አስነክተው አያስቀምጡት። አንዴ በረዶ ከሠራ፣ ቢሟሟና ጥርት ብሎ ቢታይ እንኳ ይጣላል። ለመውጋት ያወጡታል፣ ይወጋሉ፣ ወዲያው ይመልሱታል።

አወጋጉ ይህን ይመስላል። እጅዎን ይታጠቡ። ፈሳሹን በብርሃን ይዩት፤ ከደፈረሰ፣ ቀለም ካመጣ ወይም ቅንጣት ከተንሳፈፈበት አይወጋም። አዲስ የመርፌ ጫፍ ይግጠሙ፤ በጎን ሳያጋድሉ ቀጥ አድርገው ያስገቡና እስኪጠብቅ ያዙሩት። ቦታው ጭን ወይም ሆድ ነው፤ ሆድ ላይ ከሆነ ከእምብርት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቁ። ትናንት ከወጉበት ነጥብ ዛሬ ፈቀቅ ይበሉ። ድርሻውን የሚሞላው ቁልፍ እስኪቆም ድረስ ይሳባል፣ መርፌው ከገባ በኋላ ቁልፉ እስኪቆም ይገፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ነው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው፦ ቁልፉን እንደተጫኑ ቀስ ብለው እስከ አምስት ይቁጠሩ። ቶሎ የነቀለ ሰው ቆዳው ላይ እርጥበት ያያል። ያ እርጥበት ከሁለት ጠብታ ያነሰው የቀኑ ድርሻ ነው።

የመርፌ ጫፉን ወዲያው ነቅለው ጠንካራ ክዳን ባለው ዕቃ ይጣሉት። ፔኑ ላይ እንደተገጠመ ፍሪጅ ከገባ አየር ይገባል፣ ፈሳሽ ይንጠባጠባል፣ ጫፉ ይዘጋል፤ በማግስቱ ቁልፉ ሙሉ የተገፋ ይመስላል፣ የገባው ግን ግማሽ ነው። ፈሳሹን ከፔኑ ወደ ሌላ ሲሪንጅ አይገልብጡ። ፔን ለማንም አያውሱ፣ ጫፍ ቢቀየርም ቢሆን። የፔኑ አሠራር እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ከመጀመሪያው አጠቃቀም በፊት አየር ማስወጣት የሚጠይቅ ዓይነትም አለ። ከሳጥኑ ጋር የመጣውን ወረቀት ያንብቡ።

ሰዓቱ ጠዋትም ሆነ ማታ ችግር የለውም፣ ብቻ በየቀኑ ተመሳሳይ ይሁን። ከረሱ በዚያው ቀን ባስታወሱበት ሰዓት ይወጋሉ፤ ቀኑ ካለፈ ታልፏል።

ጥያቄ፦ መርፌውን ከጀመርኩ አራት ቀኔ ነው። ከተወጋሁ በኋላ ስነሣ ዞሮብኝ ልወድቅ ነበር። ልተወው?

ሳይጠይቁ አይተዉት። መድኃኒቱ የደም ሥሮችን ለአጭር ጊዜ ስለሚያሰፋ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መርፌዎች፣ በአራት ሰዓት ውስጥ ከተቀመጡበት ሲነሡ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። ተቀምጠው ወይም ጋደም ብለው ይወጉ፣ ወዲያው አይነሡ፣ ሲነሡም አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ቆዩ። ማታ ከመኝታ በፊት መውጋት ለብዙ ሰው ይቀላል፤ ግን ሌሊት ለሽንት የሚነሡ ከሆነ ጠዋት ይሻልዎታል፣ ጨለማ ውስጥ መውደቅ ስብራቱን ራሱን መጥራት ነውና። የግፊት መድኃኒት ካለዎት ሐኪምዎ ሰዓቱን ያስተካክሉታል። ራስዎን ከሳቱ፣ ወይም ማዞሩ ከሳምንት በላይ ከቀጠለ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ማቅለሽለሽ፣ የባት መኮማተርና የመገጣጠሚያ ሕመምም የታወቁ ናቸው።

አያይዘን የደም ካልሲየም ነገር እናንሣ። ከመርፌው በኋላ ካልሲየም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍ ይልና ከ16 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይመለሳል። ማታ 3 ሰዓት የተወጋ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ደም ከሰጠ ውጤቱ ከፍ ብሎ ሊወጣና መድኃኒቱ ያለ ምክንያት ሊቋረጥበት ይችላል። ደም የሚሰጠው ቢያንስ 16 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በዚህ ምሳሌ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ነው። ለላቦራቶሪውም መቼ እንደተወጉ ይንገሩ። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ይህችን የካልሲየም ከፍታ እንደ ቀላል ማየት የለበትም፤ በዲጎክሲን የመመረዝን ዕድል ልትጨምር ስለምትችል ለሐኪሙ ከመጀመሪያው ይናገር።

ጥያቄ፦ የአጥንት ካንሰር ያመጣል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

ወሬው ምንጭ አለው። አይጦች ከሕፃንነት እስከ እርጅና ከፍተኛ መጠን ሲወጉ ኦስቲዮሳርኮማ የተባለው የአጥንት ካንሰር ያዛቸው፤ ትልቁ ጥናትም ቀደም ብሎ የተቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ሲፈቀድ አሜሪካ ውስጥ በጥቁር ሳጥን የታሰረ ማስጠንቀቂያ ይዞ ወጣ። የአይጥ አጥንት ግን ዕድሜውን ሙሉ ማደጉን አያቆምም፣ የተሰጠውም ከሰው ድርሻ እጅግ የበለጠ ነበር። በሰዎች ላይ በተደረገ የዓመታት ክትትል ካንሰሩ ከተለመደው በላይ ስላልታየ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ማስጠንቀቂያው ከሳጥኑ ወጥቷል።

ይህ ማለት ማንም ይውሰደው ማለት አይደለም። ዕድገቱን ያልጨረሰ ልጅ፣ አጥንቱ ላይ የጨረር ሕክምና የተደረገለት፣ የፔጀት በሽታ (አጥንት ያለ ሥርዓት እየፈረሰ የሚገነባበት ሕመም) ያለበት፣ ካንሰር ወደ አጥንቱ የተሰራጨበት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የአልካላይን ፎስፋቴዝ (ከአጥንትና ከጉበት የሚወጣ፣ ደም ውስጥ የሚለካ ኢንዛይም) ከፍታ ያለው፣ ካልሲየሙ ወይም የራሱ ፓራታይሮይድ ሆርሞን ከፍ ያለ ሰው አይወስድም። የኩላሊት ጠጠር በቅርቡ ያስቸገረው ሰው ደግሞ የሽንት ካልሲየሙን ሳይለካ አይጀምር። ስለዚህ ከመጀመሪያው ማዘዣ በፊት ቢያንስ ካልሲየም፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ ቫይታሚን ዲ፣ ፓራታይሮይድ ሆርሞንና አልካላይን ፎስፋቴዝ መታየት አለባቸው። ሳይመረመሩ ፔን የተሰጣችሁ ካላችሁ ተመልሳችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመቴን ልጨርስ ሁለት ወር ቀረኝ። ዴክሳው ተሻሽሏል፣ ሕመሜም ቀሏል። አሁን ዕረፍት ልውሰድ ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ዕረፍት የለም። በዚህ ሕክምና ከሚፈጸሙ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው፣ የሚያሳዝነውም ብዙ ጊዜ ታካሚው ደህና ስለሆነ ብቻ የሚፈጸም መሆኑ ነው። ቴሪፓራታይድ ሲቆም ግንባታው ይቆማል፣ ማፍረሱ ግን አይቆምም። በሁለት ዓመት ዕለታዊ መርፌ የተገኘው የአጥንት ጥግግት ባዶውን ከተተወ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ብዙው ይሸረሸራል። ምርጉ ሳይደርቅ ዝናብ እንደመታው ግድግዳ በሉት።

የሚደረገው የተገነባውን መቆለፍ ነው። መጨረሻው ፔን እንዳለቀ፣ ወራት ሳይገቡ፣ አፍራሾቹን የሚያስታግስ መድኃኒት ይጀመራል፤ በሳምንት 70 ሚሊ ግራም አሌንድሮኔት፣ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ 5 ሚሊ ግራም ዞሌድሮኒክ አሲድ፣ ወይም በየስድስት ወሩ 60 ሚሊ ግራም ዴኖሱማብ። ሁለት ወር ከቀረዎት ለዚህ መነጋገሪያው ሰዓት አሁን ነው። ጥርስዎንም አሁን ያሳዩ፤ መነቀል ያለበት ካለ ከእነዚህ መድኃኒቶች በፊት ቢነቀል ይመረጣል። ሁለት ዓመት የሚለው ገደብ በመድኃኒቱ ታሪክ በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ የሚቆጠር ነበር። አሁን በአንዳንድ አገር የስብራት ሥጋቱ ከፍተኛ ሆኖ ለቀጠለ ሰው ሊራዘም ይችላል። እሱ የሐኪም ውሳኔ ነው።

ቅደም ተከተሉ በተቃራኒው ሲሆን የሚደርሰውንም ማወቅ ይጠቅማል፣ ስለዚህ የጠየቁን ሌሎች አንባቢዎች አሉና። ከአሌንድሮኔት በኋላ ወደ ቴሪፓራታይድ መሻገር ይቻላል፤ በተለይ ዳሌ ላይ ጭማሪው ይዘገያል እንጂ ጥቅሙ አይቀርም። ከዴኖሱማብ ወደ ቴሪፓራታይድ መዝለል ግን አደገኛው መንገድ ነው። ዴኖሱማብ ሲቆም ታስረው የቆዩት አፍራሾች በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ፣ ቴሪፓራታይድ ደግሞ በራሱ ሥራውን ሁሉ ያፋጥነዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ይህን ቅደም ተከተል የተከተሉ ሴቶች አጥንታቸው ሲሳሳ፣ በተለይ ዳሌያቸው ከዓመት በኋላም ሳያገግም አሳይቷል። ዴኖሱማብ ላይ ያለ ሰው ቀጣዩ መርፌ ከስድስት ወሩ ብዙ እንዳይዘገይበት ይጠንቀቅ፣ ያለ ምትክም አያቁም።

በእኛ እምነት ሥጋቱ በጣም ከፍ ያለ ሰው፣ ከመርፌው የሚያግደው ነገር ከሌለ፣ ገንቢውን መጀመሪያ፣ ጠባቂውን ቀጥሎ ቢወስድ ነው የሚሻለው። ብዙ ቦታ ግን ገንቢው የሚመጣው ሌላው ሁሉ ካቃተ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ አባሎፓራታይድስ? ከቴሪፓራታይድ ይበልጣል?

እሱም ባለ 34 አሚኖ አሲድ ነው፤ የተቀዳው ግን ከፓራታይሮይድ ሆርሞን ዘመድ፣ የልጅ አጥንት ማህፀን ውስጥ ሲሠራ ከሚያግዘው ፕሮቲን ነው። ያው ተቀባይ ላይ ይቀመጣል፣ ነገር ግን ቶሎ ስለሚለቅ ካልሲየም የሚያወጣው በጥቂቱ ነው። ድርሻው በቀን 80 ማይክሮግራም፣ ሆድ ላይ ብቻ። በ2,463 ሴቶች ላይ ለ18 ወር በተካሄደው ሙከራ አዲስ የአከርካሪ ስብራት በባዶ መርፌ 4.22 በመቶ፣ በአባሎፓራታይድ 0.58 በመቶ ሆኗል። አሜሪካ ውስጥ ለሴቶች እ.ኤ.አ. በ2017፣ ለወንዶች በ2022 መጨረሻ ተፈቅዷል። መጠቀም ከተጀመረ በኋላ ፔኑ ከፍሪጅ ውጭ፣ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ እስከ 30 ቀን ይቆያል፤ መንገድ ለሚበዛበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል የልብ ምት መፍጠን በዚህኛው በዛ ብሎ ይታያል።

ሁለቱም ጥሩ ናቸው። የሚወስነው የቱ እንደሚገኝና የቱ ሳይቋረጥ እንደሚቀጥል ነው።

ጥያቄ፦ ወድቄ የእጅ አንጓዬ ተሰበረ። ቶሎ እንዲገጥም ቴሪፓራታይድ ብወስድስ?

ይህ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት አንጓቸው የተሰበረ 102 ያረጡ ሴቶች በሦስት ተከፈሉ። ስብራቱ በራጅ ገጥሞ ለመታየት የፈጀው መካከለኛ ጊዜ በባዶ መርፌ 9.1 ሳምንት፣ በ20 ማይክሮግራም 7.4 ሳምንት፣ በ40 ማይክሮግራም ደግሞ 8.8 ሳምንት ሆነ። ድርሻው ሲበዛ ውጤቱ መቀነሱን ልብ ይበሉ። ዋናው ግምት የተጣለው በ40ው ላይ ስለነበር ጥናቱ ያሰበውን አላረጋገጠም፣ መድኃኒቱም ስብራት ለማስገጠም አልተፈቀደም። አንጓዎ የሚያስፈልገው በቦታው መመለሱ፣ ሳይነቃነቅ መያዙና ሲጋራ ካለ መቆሙ ነው። ይልቅስ ዕድሜዎ ከ50 በላይ ከሆነና ከቆሙበት ወድቀው ከተሰበሩ ዴክሳ ይነሡ፤ አንጓው ብዙ ጊዜ ከዳሌው ቀድሞ የሚመጣ መልእክተኛ ነው።

ጥያቄ፦ ለአንገት አከርካሪ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ይዣለሁ። ቀዶ ሐኪሙ ከራሴ ዳሌ አጥንት ከመውሰድ ፔፕታይድ ያለው ማጣበቂያ እንደሚያስገባ ነገረኝ። እንዴት ነው የሚሠራው?

ምናልባት ፒ-15 የሚባለው ነው። አጥንት ውስጥ ያለው ኮላጅን ሴሎች የሚጨብጡበት አንድ ቦታ አለው፤ ፒ-15 ያንን ቦታ የሚመስል ባለ 15 አሚኖ አሲድ ሰንሰለት ሲሆን፣ ከእንስሳ አጥንት በተገኘ ማዕድን ላይ ተለብጦ ይቀመጣል። ሴሎቹ ኮላጅን ያገኙ መስሏቸው ይይዙታል፣ ሲይዙት ወደ ገንቢነት ያድጋሉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የተፈቀደው ለአንገት አከርካሪ፣ ከፊት በኩል ለሚሠራ የአንድ ደረጃ ውህደት፣ ማለትም ሁለት ጎረቤት አከርካሪዎችን አንድ ለማድረግ ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታው ቢኤምፒ-2 ነው። እሱ ፔፕታይድ ሳይሆን ሙሉ ፕሮቲን ነው፣ ኃይሉም ሌላ ነው። ማርሻል ዩሪስት ማዕድኑ የወጣለት አጥንት ጡንቻ ውስጥ ሲቀመጥ አዲስ አጥንት እንደሚያበቅል ካሳየበት ከ1965 ጀምሮ የመጣ ታሪክ አለው። በኮላጅን ስፖንጅ ተነክሮ ለታችኛው ወገብ ውህደት የተፈቀደው በ2002 ነው። አንገት ላይ ሲደረግ ግን ጉሮሮ የሚዘጋ እብጠት ስላስከተለ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሐምሌ 2008 አስጠንቅቋል። ስለዚህ ሐኪምዎን በስሙ ይጠይቁ፦ «የሚያስገቡት የትኛው ነው?» ይህ ጥያቄ ነውር የለበትም።

ማጣበቂያ የሚለው ቃል ግን አያታልልዎ። ፒ-15 ምንም ነገር አይሸከምም። የሚሸከሙት ብረቱና ማስገቢያው ናቸው። ፔፕታይዱ የሚሠራው ደም ያለበትን፣ ተፍቆ የደማ ሕያው አጥንት ሲነካ ነው፤ ክፍተት ከቀረ፣ ቦታው ከተነቃነቀ ወይም ኢንፌክሽን ከገባ የትኛውም ሞለኪውል አያድነውም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጥንቱ ሳይዋሃድ የመቅረቱ ዕድል ከፍ ያለ ስለሆነ ከቀዶ ጥገናው ሳምንታት በፊት ማቆም ከማንኛውም ማሟያ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጃችን አኮንድሮፕላዥያ (አጥንት በሚገባ ሳያድግ ቁመት የሚያጥርበት የዘር ችግር) አለበት። ቮሶሪታይድ ስለሚባለው መርፌ ሰምተናል። ይረዳዋል?

በዚህ ሁኔታ የሚያድገው አጥንት ጫፍ ላይ ያለ የዕድገት ንጣፍ ኤፍጂኤፍአር3 በሚባል ተቀባይ ከሚገባው በላይ ፍሬን ይያዝበታል። ሰውነት ፍሬኑን የሚያላላ ሲኤንፒ የተባለ ፔፕታይድ ቢኖረውም ደም ውስጥ ዕድሜው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ቮሶሪታይድ በ39 አሚኖ አሲድ እንዲሠራና ቶሎ እንዳይቆረጥ የተደረገ አምሳያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። በ121 ልጆች ላይ በተደረገው ሙከራ ባዶ መርፌ ከተሰጣቸው ይልቅ በዓመት 1.57 ሴንቲ ሜትር ጨምረው አድገዋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የዕድገት ንጣፉ እስኪዘጋ በየዓመቱ የሚደመር ነው። ከተዘጋ በኋላ ግን ምንም አይሠራም።

መርፌው በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ነው። ዱቄቱ ከተበጠበጠ በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ ካልተወጋ ይጣላል። የደም ግፊት ሊያወርድ ስለሚችል ከመውጋትዎ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ልጁ ቀለል ያለ ምግብ ይብላ፣ ከ240 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ፈሳሽም ይጠጣ። አልበላም ብሎ ባስቸገረበት ወይም በሚያስመልሰው ቀን ስለመዝለል ከሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ድርሻው በክብደት ስለሚሰላ ልጁ በየጊዜው መመዘን አለበት። የራስ ቅል ሥር መጥበብ፣ የእንቅልፍ ትንፋሽና የጆሮ ክትትል መርፌው በመጀመሩ አይቀሩም።

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው፣ ስፖርት እሠራለሁ። ቁመት የሚጨምርና የተጎዳ አጥንት የሚጠግን ቢፒሲ-157 የሚባል ፔፕታይድ በኢንተርኔት ይሸጣል። ልሞክረው?

አይሆንም ወንድማችን። የቁመቱ ጉዳይ አጭር ነው፤ በ22 ዓመትህ የዕድገት ንጣፎችህ ተዘግተዋል፣ የተዘጋ ንጣፍ የሚከፍት ፔፕታይድ የለም።

ቢፒሲ-157 ባለ 15 አሚኖ አሲድ ነው። ስለ አጥንትና ጅማት የሚባልለት ነገር ከሞላ ጎደል ከእንስሳት ሙከራ የመጣ ነው፤ በሰው አጥንት ላይ መሥራቱን ያረጋገጠ ሙከራ የለም። ለሰው መድኃኒትነት አልተፈቀደም። የዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲም ከ2022 ጀምሮ ከልክሎታል፤ ትወዳደር ከሆነ ሽንትህ ውስጥ ቢገኝ ትቀጣለህ። «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብልቃጥ ለሰው ከሚሠራ መድኃኒት ደረጃ ነፃ ነኝ ማለቱ ነው። ውስጡ የተጻፈው መጠን ላይኖር ይችላል፣ በትክክል ያልተሠራ ሰንሰለት ሊኖር ይችላል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያመጣ የባክቴሪያ ቅሪትም ሊኖር ይችላል። ቤት ውስጥ በማይታወቅ ውሃ በጥብጦ መውጋት ደግሞ መግል ያስቋጥራል። አጥንትህ ላይ እየሮጥክ የሚብስ፣ በጣት ሲነካ አንድ ነጥብ ላይ የሚያም ሕመም ካለህ በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔው ከጫና ማሳረፍና ምርመራ ነው።

ጥያቄ፦ በውሃ በጥብጦ የሚጠጣው የኮላጅን ፔፕታይድ ዱቄትስ?

ያ መድኃኒት ሳይሆን ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት 131 ያረጡ ሴቶች ውስጥ በቀን 5 ግራም ለአንድ ዓመት የወሰዱት፣ ባዶ ዱቄት ከወሰዱት ይልቅ የአከርካሪና የጭን አንገት ጥግግታቸው መጠነኛ ጭማሪ አሳይቷል። ስብራት ይቀንስ እንደሆነ ግን ጥናቱ አልለካም። መውሰድ ከፈለጉ ብዙ አይጎዳም፣ ከበሉት ፕሮቲን ጋር ይቆጠራል። ስብራት ደርሶብዎት ከሆነ ግን በእሱ ተማምነው ቴሪፓራታይዱን እንዳያዘገዩ፣ ካልሲየምዎም በምግብና በእንክብል ተደምሮ በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊ ግራም መድረሱን ያረጋግጡ፤ ኮላጅን ዱቄቱ በራሱ ያን ያህል ካልሲየም የለውም።